የአያት ብርሌ እንዴት ይታጠባል?

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ሲባል ሰው ሁሉ ስለ ፍቅርና ስለ ጓደኝነት ያስባል። እኔ ግን ስለ ብርሌ ነው የማስበው። አንዱን በገዛ እጄ አንቅቼዋለሁና።

ሐምሌ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባ ጠዋት። አያቴ ትታልን ካለፈችው ስድስት ብርሌዎች አንዱን ከቡፌው አውጥቼ የዕቃ ማጠቢያው ላይ አቆምኩት። ሆዱ ውስጥ የስንት ዓመት የጠጅ ቢጫ ደርቆበታል። ትኩስ ውሃ ያላቅቀዋል ብዬ ከፔርሙሱ ቀዳሁበት። «ጢቅ» አለ። ሌላ ምንም የለም፣ «ጢቅ» ብቻ። ሳነሳው ከአንገቱ ሥር የጀመረ ፀጉር የሚያህል መስመር ሆዱን ዞሮ ሄዷል። ውሃው በመስመሩ በኩል ጣቴ ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አምስቱ አሁንም አሉ። ሦስቱ እኛ ጋ፣ ሁለቱ ሜሪላንድ እህቴ ጋ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። ብዙውን የማወራው ስለ ብርሌ ነው። አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ገላው ስስ ስለሆነ እሱን ማጠብ የቻለ ሌላው አያቅተውም። ክሪስታል፣ ካራፋ፣ ወርቅ ቅብ ብርጭቆ ወይም የፋኖስ ብርጭቆ ያላችሁም የምትፈልጉትን ወደ ታች ታገኛላችሁ።

መጀመሪያ ማየት

ውሃ ከመንካቱ በፊት ዕቃውን መስኮት አጠገብ ውሰዱትና በቀን ብርሃን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ንቃት ካለ አንድ ቦታ ላይ ብልጭ ይላል። ቀጥሎ በአንድ እጅ አንገቱን በሁለት ጣት ያዙ፤ በሌላው ሆዱን በጥፍራችሁ ነካ አድርጉት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ድምፁም ትንሽ ይቆያል። የነቃው ድፍን ያለ፣ ወዲያው የሚሞት ድምፅ ነው ያለው። የነቃ ዕቃ ውሃ ውስጥ አይነከርም። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና ለዓይን ይቀመጥ፤ ሰው ግን አይጠጣበት።

በነገራችን ላይ ገላው ውስጥ ትንንሽ አረፋ ብታዩ አትደንግጡ። ቂጡ ላይ ሻካራ ክብ ጠባሳ ካለም እንዲሁ። ጠባሳው ሠሪው ዕቃውን ከብረት ዘንጉ ሲገነጥለው የቀረ ነው። በአፍ ተነፍቶ፣ በእጅ የተሠራ መሆኑን ይናገራል። የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሙቀት የሚፈራውም ለዚህ ነው። ትኩስ ውሃ ሲገባበት ውስጡ ወዲያው ይለጠጣል፣ ውጪው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ሁለቱ ሲጓተቱ ይነቃል። ተራ ብርጭቆ በአርባ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት እንኳ ሊነቃ ይችላል። የፔርሙስ ውሃና የሐምሌ ብርሌ ደግሞ ልዩነታቸው ከዚያም በላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዕቃው ፈዟል፤ የፈዘዘው በምንድነው? ሰው ይህን ሳይለይ ነው ወደ ፍተጋ የሚገባው። ፍዘቱ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ቂጡና ሆዱ ላይ ከተቀመጠ የጠጅ ቅሪት ነው፤ ይለቃል። ነጭ ሆኖ እንደ ውሃ ማፍያ ቂጥ ቅርፊት ከሠራ የውሃ ኖራ ነው፤ ይሄም ይለቃል። ሦስተኛው ግን ብርጭቆው ራሱ ተበልቶ የሻከረበት ነው። እሱ አይለቅም። ቆሻሻ አይደለማ፣ ቁስል ነው።

ለመለየት ጥጥ አቼቶ ንከሩና የፈዘዘው ቦታ ላይ ለአሥር ደቂቃ አስቀምጡት። አንስታችሁ በውሃ አለቅልቁት፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ አትፍረዱ፣ ማንኛውም የሻከረ ብርጭቆ ሲረጥብ ጥርት ያለ ይመስላል። ሲደርቅ ያ ቦታ ከጎኑ ካለው ከጠራ ኖራ ነው። እንዳለ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ይህን ስለሚያውቅ የተበላ ብርጭቆ በዘይት ወልውሎ ያቀርባል። ስትገዙ በጣታችሁ ዳብሱት፤ ካንሸራተተ ጠርጥሩ።

የሚያስፈልገው

ፕላስቲክ ሳፋ፣ ሁለት ወፍራም ፎጣ፣ ላርጎ፣ ለስላሳ ስፖንጅ፣ የጡጦ ብሩሽ፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ። ሌላ ምንም አትግዙ።

ቀለበትና የእጅ ሰዓታችሁን አውልቁ። ጓንት ካደረጋችሁ የሚያሟልጭ አይሁን። የውሃ ቧንቧው ጫፍ ብረት ከሆነ ጨርቅ ጠምጥሙበት፤ ስንቱ ብርጭቆ የሚሰበረው ቧንቧው ጋ ተጋጭቶ ነው።

እጥበቱ

ዕቃው ከቀዝቃዛ ቡፌ ከወጣ ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ሳፋው ሥር አንዱን ፎጣ አንጥፉ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። እናቶች የሕፃን ወተት ክንዳቸው ላይ ጠብ አድርገው እንደሚለኩት ለኩት፤ ሙቀቱ ካልተሰማችሁ ልክ ነው። ላርጎ ሁለት ሦስት ጠብታ በቂ ነው።

አንድ ዕቃ ብቻ ነው ሳፋው ውስጥ የሚገባው። ሁለት ብርሌ አንድ ላይ ከገቡ አረፋው ውስጥ ይጋጫሉ፣ እናንተም አታዩም። ብርሌውን ከሆዱ ያዙት። አንገቱን ይዞ ማንሳት ለጠጪ ነው፤ ሲታጠብ በአንገቱ ከተያዘ የሚሰበረው እዚያው ነው። እግር ያለው ብርጭቆም እንዲሁ ከሆዱ ይያዛል። እግሩን ይዞ ሆዱን ማሽከርከር ማለት መገንጠል ማለት ነው።

ውጪውን በስፖንጅ እጠቡ። ለውስጡ ለብ ያለ ውሃ እስከ አንገቱ ሙሉበትና ተዉት። ለአንድ ሰዓት፣ ካስፈለገም እስከ ማግሥቱ። ይሄን ሰው አያምነኝም። የጠጅ ቅሪት እኮ ብዙው ማር ነው፣ ማር ደግሞ ውሃ ይበቃዋል፤ የሚያንሰው ጊዜ ነው። እኔ የፔርሙሱን ውሃ የቀዳሁት አንድ ሌሊት መጠበቅ አቅቶኝ ነው።

በማግሥቱ ውሃውን ድፉ። ቂጡ ላይ አምቡላ የመሰለ ነገር ከቀረ ሩዝ ይገባል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ሩዝ፣ የሆዱን ሲሶ የሚሞላ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ላርጎ። አሁን ብርሌውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቡና ሲኒ ውስጥ ስኳር እንደምታዞሩ በክብ አሽከርክሩት። ወደ ላይና ወደ ታች አትናጡት። ሩዙ ግድግዳውን እየታከከ ሲዞር ቢጫው እየተላጠ ውሃው ይደፈርሳል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ካዞራችሁ በኋላ ድፉና በአዲስ ሩዝ ድገሙት። ሩዙን ውስጡ ረስታችሁ እንዳትተኙ። ያብጥና አንገቱ ላይ ይቀረቀራል።

ለምን ሩዝ? አገር ቤት አመድና አሸዋ ነው የለመድነው። ለድስት እሺ፤ ለብርጭቆ ግን አይሆንም። በድንጋይና በማዕድን የጥንካሬ መለኪያ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው፣ ብርጭቆ 5.5 አካባቢ ነው። ጠንካራው ለስላሳውን ይጭረዋል። አንድ ጊዜ በአሸዋ የታሸ ብርሌ ከዚያ በኋላ ሁሌም አቧራ የጠጣ ይመስላል። ሩዝ ግን ከብርጭቆው በጣም ይለሰልሳል። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትም ይሠራል፤ ኖራ ስለሆነ ብርጭቆ አይጭርም። እኔ ሩዙን እመርጣለሁ፣ የእንቁላሉ ሽታ አይወጣልኝም።

ቢጫው አሁንም እምቢ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ሙሉበት፤ ጥቂት ሰዓት ይቆይና እንደገና በሩዝ አዙሩት። እስካሁን ይህን አልፎ የቀረብኝ የጠጅ ቅሪት የለም።

ነጩ ቅርፊት ሌላ መንገድ አለው። የድሬዳዋ ሰው ይህን ነጭ ነገር ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል፤ ውሃ ማፍያውን ከፍቶ በየቀኑ ያየዋል። ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የሚፈታው አሲድ ነው። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እዩት፤ ካልለቀቀ እስከ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ ይሆናል፣ ግን በጨርቅ አጥልሉት። እኔ ሳላጠል ጨምሬ ፍሬው አንገቱ ላይ ተቀርቅሮ ግማሽ ቀን በሽቦ ሳይሆን በትዕግሥት ነው ያወጣሁት። እስራኤል ያላችሁ ሱቅ ውስጥ «ሜላህ ሊሞን» የምትሉት ዱቄት ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃል። ከአሲድ በኋላ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳን አንድ ላይ የሚጨምሩ አሉ። አረፋው ደስ ይላል እንጂ ሁለቱ ተጠፋፍተው የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። አፉን በአውራ ጣት ደፍናችሁ ከናጣችሁት ደግሞ ጋዙ መውጫ ያጣል። አንዱን ጨርሳችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ ሌላውን። አቼቶና በረኪና ግን በጭራሽ፣ በምንም መንገድ አይገናኙ። ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። በረኪና ለብርሌ ያስፈለገበት ቀን አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ከቡፌው ወገን አርቁት።

ማድረቅ

ውሃው በራሱ ከደረቀ ጠብታው የነበረበት ቦታ ላይ ነጭ ክብ ይተዋል። ስለዚህ ውጪውን ወዲያው ፀጉር በማይተው ጨርቅ አድርቁ። ውስጡን ለማንጠፍጠፍ ብርሌውን ሁለት ጥቅል ፎጣ መሐል አፉን ዘቅዝቃችሁ አስደግፉት። አፉ መሬት እንዳይነካ፣ አየር ይግባበት። ውሃው ሲያልቅ አቅኑትና ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ።

የሚቸኩል ሰው ከነጠላ ቁራጭ ረጅም ክር የመሰለ ጠባብ ጨርቅ ቀዶ አንዱን ጫፍ ሆዱ ውስጥ ይክተት፣ ሌላውን ውጪ ያስቀረው። ጨርቁ ውሃውን እንደ ኩራዝ ክር እየሳበ ያወጣዋል። እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ መክተት ግን ቀርቶብኛል። ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፣ እንጨቱ ይወጣል፣ ከዚያ ሁሉም ሰው መላ አዋቂ ይሆናል።

ማሽን

እህቴ ሜሪላንድ ከወሰደቻቸው ሁለት ብርሌዎች አንዱን ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተችው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር። በዓመቱ ሊጥ እንደ ነካው ሆነ። በቪዲዮ እያሳየችኝ «አቼቶ ልጨምርበት?» አለች። ጨመረች። ምንም።

የማሽኑ ሳሙና አልካሊው ኃይለኛ ነው፣ ውሃው ደግሞ በጣም ትኩስ ነው። ሁለቱ ተባብረው የብርጭቆውን ገጽ በጥቂት በጥቂቱ ይበሉታል። ቅድም ሦስተኛው ያልኩት ፍዘት ይሄ ነው። ወርቅ ቅቡንም የሚልጠው ይኸው ማሽን ነው።

ለየት ያሉት

ወርቅ ቅብና ሥዕል ያለበት ብርጭቆ አይነከርም። ወርቁ ሽፋን ብቻ ነው፤ አቼቶም ሶዳም ብሩሽም አይንካው። ላርጎ የነካ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ጠረግ ጠረግ፣ በቃ።

ክሪስታል ክብደቱና ድምፁ ያስታውቃል። ሲነካ እንደ ደወል ነው። ብዙው ውስጡ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት፤ በአውሮፓ ሕግ የሊድ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ ሊድ ኦክሳይድ ያስፈልጋል። አንድ ምሽት ቀድቶ መጠጣት አንድ ነገር ነው። ካቲካላ ወይም ወይን ጠጅ በክሪስታል ካራፋ ለሳምንታት አስቀምጦ መጠጣት ግን ሌላ ነው፤ ሊዱ ወደ መጠጡ ይገባል። ካራፋው ለጠረጴዛ ነው፣ መጠጡ ጠርሙሱ ውስጥ ይደር። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ጭራሽ አይቅረብ። ፍልፍሉ ውስጥ የገባ አቧራ በአሮጌ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል።

የካራፋ ክዳን ተጣብቆ እምቢ ካለ ፒንሳ አታንሱ። መጋጠሚያው ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት አድርጉና ይደር። ጠዋት ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አንገቱ ላይ ጠምጥሙ፤ አንገቱ ትንሽ ሲለጠጥ ክዳኑ ይላላል። በእንጨት ማንኪያ እጀታ ከግራም ከቀኝም በቀስታ መታ መታ አድርጋችሁ አዙሩት። ካልሆነ ዘይቱን ድገሙት። አራት ቀን የፈጀብኝ አለ።

የፋኖስ ብርጭቆ ጥላሸቱ መጀመሪያ በደረቁ በጋዜጣ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነው ውሃ የሚያየው። ውሃ ከቀደመ ጥላሸቱ ጭቃ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ለመለኮስ ከመቸኮላችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ መድረቁን እዩ። የጋለ ብርጭቆ ላይ አንዲት ቀዝቃዛ ጠብታ ካረፈች ከላይ ያልኩት የሙቀት ልዩነት ያነቃዋል።

አረንጓዴ ቢጫ የሆነ አሮጌ ብርጭቆ ካላችሁ ደግሞ ሱቆች ብር የሚመረምሩበትን ወይን ጠጅ መብራት ማታ አብሩበት። እንደ አብሪ ትል አረንጓዴ ካበራ ቀለሙ ዩራኒየም ሊሆን ይችላል። ቡፌ ውስጥ ቢቀመጥ የሚያስፈራ ነገር የለውም። እኔ ግን አልጠጣበትም።

ማስቀመጥ

አንዱን ብርጭቆ ሌላው ውስጥ አትክተቱ። ሲጣበቁ ማላቀቁ ጣጣ ነው፣ አፋቸውም ይሸረፋል። አቧራ እንዳይገባ ብለው አፉን ደፍተው የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። ደካማው ቦታ አፉ ነው፤ በቂጡ ይቁም። አቧራ ከፈራችሁ አፉ ላይ ንጹሕ ወረቀት ጣል አድርጉ። ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት በመካከላቸው ይኑር።

ፀሐይ የሚያርፍበት መደርደሪያ ላይም አይሁን። ድሮ ብርጭቆ ጥርት እንዲል ማንጋኒዝ ይጨመርበት ነበር፤ ይሄኛው በፀሐይ ብዛት ቀስ በቀስ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይሄዳል። ፍሪጅ ላይም አይቀመጥ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሁሉም ይንቀጠቀጣል።

ስለ መንቀጥቀጥ ካነሳን፣ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባም ተሰምቶን ነበር። እኛ ቤት መጀመሪያ ያወቁት ብርሌዎቹ ናቸው። «ቅጭል ቅጭል» ሲሉ ነው የነቃነው። በማግሥቱ ቡፌውን ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰርነው። የሦስቱም ቂጥ ሥር አተር የሚያክል ሰም በሦስት ቦታ አድርጌ መደርደሪያው ላይ ጫን አልኳቸው። ሲፈለጉ ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ትንሽ ጠምዘዝ ሲያደርጓቸው ይለቃሉ። ከማር የተረፈ ሰም ለብርሌ ማቆሚያ መሆኑ አያቴን ያስቃት ነበር።

በሻንጣ ለሚሄድ

እህቴ ስትሄድ ያደረግነው ይህ ነው። ብርሌው ታጥቦ ሁለት ቀን ደረቀ። አንገቱ ብቻውን በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሆዱ እኩል እስኪወፍር ድረስ ተደራረበበት፤ አንገቱ ቀጭን ሆኖ ከቀረ ጫናው እዚያ ያርፋል። ከዚያ ሁሉም በጋቢ ተጠቀለለ። ጠንካራ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ክፍተቱ በካልሲና በሹራብ ተሞላ። ካርቶኑን ስታነቃንቁት ምንም ድምፅ መሰማት የለበትም። ከተቻለ በእጅ ሻንጣ ይሂድ። በትልቁ ሻንጣ ከሆነ መሐሉ ላይ ይሁን፣ ከየትኛውም ጎን ልብስ ይክበበው። በርበሬውና ሽሮው ከላይ አይጫኑበት።

ስትደርሱ ወዲያው አትፍቱት። በክረምት ከገባችሁ ሻንጣው ሜዳ ላይ ቆይቶ በረዶ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ጥቅሉ እንዳለ ሳሎን ይደር። ጠዋት ፈታችሁ አውጡት፤ ክፍሉን እስኪመስል ድረስ ለብ ያለ ውሃ እንኳ አይንካው።